የካርቲየ 4 የዕቁብ ዳኛ፣ ወይዘሮ አፀደ ሙላው

ወይዘሮ አፀደ ከአባታቸው ከአቶ ሙላው በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ገብሬ በ1962 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው ሲሞቱባቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው እንጀራ ፍለጋ ጅቡቲ ገቡ።

በጅቡቲ ከተማው ሰፈር በካርቲየ 4 ለሾፌሮች ምግብ እያበሰሉ ሲሠሩ ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ አበባው ተሰማ ጋር በሥርዓት ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ፤ አቶ አበባው በመኪና አደጋ ካረፉ በኋላም ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ።

የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰው ባንክ በሩን አይከፍትለትም፤ በየሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ደመወዛቸውን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው እየተዘረፉ ሲያለቅሱ አንጀታቸው አልችል ቢላቸው፣ ወይዘሮ አፀደ ዕቁብ አቋቁመው ዳኛም ዋስም ሆኑ። በዚያ ዕቁብ ስንቱ የስፌት መኪና ገዛ፣ ስንቱ ከሰው ቤት ወጥቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ።

ካቻምና ሻሼ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ሻይ ቤት እከፍታለሁ ብላ ብትለምናቸው፣ አዝነውላት ዕጣ ሳያስጥሉ የመጀመሪያውን ዕቁብ ሰጧት። ልጅቷ ግን ገንዘቡን ለደላላ ከፍላ ወደ የመን ተሳፈረች፤ ጀልባዋም ከኦቦክ ወደብ ብዙ ሳትርቅ ሰጠመች።

ወይዘሮ አፀደ የሌሎቹ ሴቶች ጥሪት እንዳይጎድል ብለው ፍሪጃቸውን ሸጠው፣ ኩላሊታቸውን አዲስ አበባ ሊታከሙበት ያስቀመጡትንም ጨምረው የሻሼን ቀሪ ዕዳ ከፈሉ፤ ተዉት ብለን ብንማጠናቸው ማን ሰምቶን። ያንገበገባቸው ግን ገንዘቡ አልነበረም፤ የባሕር መሳፈሪያዋን በገዛ እጃቸው እንደሰጧት ቆጥረው ነው ያለቀሱት። ፍትሐት ሊያስደርጉላት ቢነሡም የክርስትና ስሟን የሚያውቅ በመጥፋቱ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን ሾፌር ሁሉ እየለመኑ ወላጆቿን ሲያስፈልጉ ከረሙ። ሕመማቸው ጸንቶ አልጋ ላይ ውለው ሳለ ከሾፌሮቹ አንዱ መሳፍንት የክርስትና ስሟን አግኝቶ ተነሣ፤ የደረሰው ግን እሳቸው ባረፉ ማግስት፣ ትናንት ነው።

ልጆቻቸውን አይናለምንና በፍቃዱን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እናት የሆኑላቸውንም ዕቁብተኞች ሁሉ ለኀዘን ትተውን ሄደዋል። የእናታችንን የወለተ ሚካኤልን ነፍስ አምላክ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን። ካህናት አባቶቻችን ዛሬ በእሳቸው ፍትሐት ላይ አንድ ስም ጨምረው ይጠራሉና፣ ወለተ ሥላሴ ሲባል ስትሰሙ ሻሼ ናትና አሜን በሉላት።