በነጠላ የተሸፈነው ቲማቲም

ጋሼ ታደሰ እዚህ ዋይትሆል ከተማ ጎረቤቴ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። ኮሮና ሥራውን ሲያቀዘቅዝባቸው ሳሎናቸው ውስጥ በሐምራዊ መብራት ቲማቲም ማብቀል ጀመሩ። ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ እሳቸው ቤት ቲማቲም ያፈራል። ሰው በመጣ ቁጥር ግን ዓይን እንዳይበላባቸው በነጠላ ይሸፍኑታል። አንድ ቀን የአፓርታማው ማኔጀር ለኢንስፔክሽን መጣችና እንዳስተረጉምላቸው ጠሩኝ። ሴትዮዋ በነጠላው ውስጥ የሚያበራውን ሐምራዊ መብራት ስታይ ሐሺሽ ነገር ጠረጠረች መሰለኝ፣ ሳታስፈቅድ ገለጠችው። "ዋው፣ እንዴት ያምራል!" ብላ ፎቶ አነሳችው። ጋሼ ክው አሉ። "በል ቶሎ እንትፍ እንትፍ እንድትልበት ንገራት!" አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ፤ በዚያ በኮሮና ጊዜ፣ እስከ ዓይኗ ድረስ ማስክ ያደረገችን ሴት "አውልቂና ቲማቲሙ ላይ ትፊበት" ልበላት? "ምን አሉ?" አለችኝ። "አመሰግናለሁ ነው የሚሉት" አልኳት። ደስ ብሏት ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ቲማቲሞቹ ከታች እየጠቆሩ ረገፉ። ውሃው ተዛብቶባቸው ይሆናል ብላቸው፣ "እሷ ምን ታድርግ፣ ማን ነገራት?" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ ዓይን ምናምን በሚባል ነገር አላምንም። ዘንድሮ እኔም እዚህ መስኮቱ ጋ ቲማቲም ተክያለሁ፣ መቅላት ጀምሯል። ቅድም ደጋግማችሁ ስታንኳኩ ቶሎ ያልከፈትኩላችሁ ግን አንሶላ ስፈልግ ነው።