የአልጋ ሠሪው አልጋ ወራሽ

አልጋ ሠሪው ሽማግሌ ዝናብ ባያባርራቸው ኖሮ ማስታወቂያ ጸሐፊዋ ቤት ባልገቡ ነበር። ከገቡ አይቀር ግን ሥራ አዘዙ።

"ልጄ፣ ለሱቄ ሰሌዳ ጻፊልኝ፤ 'አልጋ ሠሪውና አልጋ ወራሹ' በዪ። የንጉሥ ልጅ ዙፋን ይወርሳል፣ የኔው ደግሞ እውነተኛውን አልጋ!" አሉና በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ። ልጃቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠሩት እንዲህ ነው። አልጋ ወራሹ ዛሬ አርባ ዓመቱ ነው፤ ጢሙም ሸብቷል።

ጸሐፊዋ የተማረች ናትና ቃል ሳትመዝን አትጽፍም።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው የሚወርሰው መቼ ነው?"

"እኔ ስሞት ነዋ!"

"እንግዲያው ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ሊያልፍ ነው።"

"ኧረ ሟርትሽን ወዲያ!"

"ወራሽ ሥራው መጠበቅ ነው፣ አባባ። ተተኪ ቢሉት ግን እርስዎ በሕይወት እያሉ ከጎንዎ ይቆማል። ለመሆኑ ልጅዎ ስንት አልጋ ለክቶ ቆርጧል?"

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። ልጁ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲልግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ኖሯል። ሜትሩ ግን ከአባትየው ኪስ ወጥቶ እጁ ገብቶ አያውቅም። "ስሞት ያንተ ነው" ይሉታል።

"አንድ ጣት ቢስት እኮ አልጋው ያነክሳል!" አሉ።

"ባለፈው ሳምንት በጋሪ ተመልሶ የመጣውስ? ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።"

ይህን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። የሜትሩ ቁጥር ከደበዘዘባቸው ከራርሟል፤ ፈርተው ለማንም አልተናገሩም።

"ዓይኔ ከዳኝ፣ ልጄ። ሜትሩን ከሰጠሁት እኔ ምን ይቀረኛል?"

"ማስተማሩ ይቀርዎታላ! ከሞቱ በኋላ ሲሳሳት ማን ያርመዋል?"

እውነቷን ነው። ስንቱ ሙያ ነው ከባለቤቱ ጋር ኪስ ውስጥ እንዳለ የተቀበረው!

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌው ሱቃቸው ገቡና ሜትሩን ለልጃቸው ዘረጉለት።

"አባዬ፣ ምነው፣ አመመዎት እንዴ?" አለ ልጁ ደንግጦ።

"ደህና ነኝ። ደህና ሳለሁ ልስጥህ ብዬ ነው። በል ያቺን የተመለሰችውን አልጋ ለካት።"

ልጁ ተንበርክኮ ለካ። "ይቺኛዋ እግር አንድ ጣት ታጥራለች።"

"መቼ አወቅክ?"

"የሠራናት ዕለት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ሜትሩ የእርስዎ ነበራ፣ አባዬ።"

ሽማግሌው እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ይለካል፣ አባትየው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያርማሉ፤ አንድም አልጋ ተመልሶ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ "አልጋ ሠሪውና ተተኪው" ተብሎ ተጽፏል። አላፊ አግዳሚው "አልጋ ወራሹስ የት ሄደ?" ብሎ ሲተርባቸው፣ "ምን ወራሽ አለኝ? እኔ ገና አልሞትኩም!" ይላሉ።