አንድ ስልክ፣ አንድ ቲኬት

በየሳምንቱ በቴሌግራም የምልከው ደብዳቤ ስንት አንባቢ እንዳለው ዛሬም በትክክል አላውቅም። ደብዳቤው በነጻ ነው፤ ገቢዬ አንባቢዎቼን ጂንካ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቤ ከምሸጠው የመግቢያ ቲኬት ነው። አንድ ቀን ከጂንካ ወደ ካኮ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ የማይተዋወቁ አንድ ወጣትና አንዲት ሴት ስለዚያ ስብሰባ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እትዬ፣ እርስዎም ገብተው ነበር?»

«በሩ ድረስ።»

«ቲኬት ሳይገዙ?»

«ገዝተናል እንጂ፣ አንድ። ዘጠኝ ሆነን ነው የሄድነው።»

«በአንድ ቲኬት ዘጠኝ ሰው? ይሄ ሚኒባስ እንኳ እንደዚያ አይጭንም።»

«ሳቅ፣ በረኛውም ስቆብናል። ስልኩ አንድ ነው። በገበያ ቀን ልጄ ደብዳቤውን ታነባለች፣ እኛ ከበን እንሰማለን። አንድ ስልክ ላለው አንድ ቲኬት የሚበቃ መሰለን።»

«ታዲያ አንዳችሁ እንኳ አትገቡም?»

«ጋሽ ገልታ ይግቡ አልን፤ ሽማግሌያችን ናቸው። ‹አብረን የሰማነውን ብቻዬን አልገባበትም› አሉ። ተመለስን።»

«ጸሐፊዋ ብታውቅ ታስገባችሁ ነበር።»

«ውስጥ ሆና በምን ታውቃለች? ጥፋቱ የእኛ ነው።»

«አሁንም ትሰማላችሁ?»

«እኛማ እንሰማለን። ጋሽ ገልታ ግን ማንበብ ሲጀመር ተነስተው ራቅ ይላሉ። ‹እስከ ዛሬ ሳልከፍል መስማቴ ሌብነት ኖሯል› ይላሉ።»

ካኮ ስንደርስ ወረድኩ፤ የደብዳቤው ጸሐፊ እኔ መሆኔን የተናገርኩት በሌላ የገበያ ቀን እዚያው ካኮ፣ ደብዳቤው ከሚነበብበት ራቅ ብለው ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነው።