የድንኳኑ ዘመድ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዳሲቱ ያደታ
ዕድሜ፦ 46
አድራሻ፦ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም

ተጠርጣሪውን ሰይፈሥላሴን አውቀዋለሁ። የኃላፊ ዘመድ መስሎ ጉዳይ አስፈጽሟል በሚል መያዙን ሰምቼ፣ ያየሁትን ልመሰክር ቀርቤያለሁ።

በጥር ወር፣ ለእስረኛ ጠያቂዎች ስንቅና ልብስ የምንሸጥባቸው ኪዮስኮች ለመንገድ ማስፋፊያ ይነሳሉ ተባልን። ከማረሚያ ቤቱ በር ከራቅን ማን ይገዛናል? ቱሉ ዲምቱ የምትኖረው መሐንዲስ ሰሀር፣ መንገዱ ኪዮስኮቹን ሳይነካ የሚያልፍበትን ፕላን በነፃ ሠራችልን። ይሁንና ወደ መንገድ ማስፋፊያው ኃላፊ አቶ የሺዋስ ቢሮ ብትመላለስም "ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባለች ከደጅ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ሰይፈሥላሴን ለመንኩት። የሟች ባለቤቴ ዘመድ ስለሆነ አላፈርኩትም።

እሱ ግን ቢሮ አልሄደም። የአቶ የሺዋስ አማት አርፈው ሳሪስ ድንኳን ተጥሎ ስለነበር እኛንም ይዞን ለቅሶ ደረሰ። ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ሲደረድር፣ እጅ ሲያስታጥብ ዋለ። ስለ ኪዮስክ አንድ ቃል እንዳንተነፍስ አስጠንቅቆን ስለነበር ዝም ብለን አስተዛዝነን ወጣን።

ከሰልስቱ በኋላ ቢሮ ስንገባ አቶ የሺዋስ ተነስተው አቅፈው ሳሙት። ለጸሐፊያቸውም "የባለቤቴ ወገን ነው፣ ሻይ አምጪላቸው" አሏት። ሰይፈሥላሴ "ይህችን ልጅ ይስሟት" ብቻ ብሎ ተቀመጠ። ሰሀር ፕላኑን ዘርግታ አስረዳች። ኃላፊው በጥያቄ አፋጠጧት፤ መልስ ያጣችለት ጥያቄ አልነበረም። ኪዮስኮቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተወሰነ። እውቀቷ አስደነቀኝ፤ የሱ ዝምታ ግን ይበልጥ አስደነቀኝ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ኃላፊው ስለ እሱ ሚስታቸውን ሲጠይቁ "ያንተ ወገን መስሎኝ ነበር" ብላቸዋለች። ክሱም የመጣው ከዚህ ነው። ሰይፈሥላሴ ግን ዘመዳችሁ ነኝ ሲል በጆሮዬ አልሰማሁም። ከእኛም የወሰደው ነገር የለም።

ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን እህት ኢፍቱን "ዘመድሽ ታስሯል፣ አብረን እንሂድ" ብላት፣ "የኛ? እኔ እስከ ዛሬ ያንቺ ወገን ነው የምለው" አለችኝ። ባለቤቴ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ እስከ አርባው ከቤቴ አልጠፋም። ያኔ እንኳን የሚያስፈጽመው ጉዳይ፣ ኪዮስክም አልነበረኝም።

የማን ወገን እንደሆነ አላውቅም። ዘመዴ አይደለም ብዬ እንድፈርም ከተጠየቅኩ ግን አልፈርምም።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ያልኩት ሳይጨመር ሳይቀነስ መስፈሩን አረጋግጬ በእውነት ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዳሲቱ ያደታ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ፍቅርተማርያም (ፊርማ)