ጭረት ያልነካት ሰደርያ

እንደምን ዋልሽ፣ ዶክተር ልጄ? መነጽር ቀየርሽ ልበል? ያምርብሻል። ወለሉም ታድሷል። ባለፈው ላሟን ላስመዘግብ ስመጣ ከበሩ እስከዚህ ጠረጴዛ አሥራ አራት የተሰነጠቁ ንጣፎች ቆጥሬ ነበር፤ ዛሬ አንድም የለ። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!

አይ፣ አንቺ መስፋትሽን ቀጥይ፤ እኔ የውሻዬን የባሻን ራስ ልያዝልሽ። እስካሁን አሥራ ሰባት ቦታ ሰፍተሻል። መቁጠር ልማዴ ነው፣ አትቀየሚኝ። እግሩ ይተርፋል ወይ ብዬም አሁን አልጨቀጭቅሽም፤ ስትጨርሺ ትነግሪኛለሽ።

ያ በሩ አጠገብ የተቀመጠው? የእህቴ ልጅ ነው። በመኪናው ያደረሰን እሱ ነው፣ ይባረክ። የማጫውትሽ ግን ስለ እሱ አይደለም... ስለ አንድ የማውቀው ጎበዝ ነው።

ይህ ጎበዝ የዱር አሳማ በውሻ ማደን ጀመረልሽ። የዛሬ ሦስት ሳምንት። እኔ ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ውሻ ገመድ ይዤ ጭቃ ለጭቃ ሮጫለሁ። ሞኝነቴ! እሱ ተሰጥኦ አለውና ከቦት ጫማው ጀመረ። ቀጥሎ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ ስምንት ኪስ ያለው ጃኬት። ሰባቱ ኪሶች ባዶ ናቸው፤ በስምንተኛው ማበጠሪያ አለ። ጫካ ውስጥ ተበጥሮ እንደመገኘት ምን አለ?

ውሻም አለው። ነጭ፣ ጸጉሩ ሐር የመሰለ፣ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ትውልዱ በማኅተም የተጻፈለት። የባሻን አባት እኔም አላውቀው፣ ባሻም አያውቀው። ግን አሳማው ወረቀቱን ማንበብ ይችላል? እንጃ... እኔ እንኳ የሚገባኝ ነገር አይደለም።

ታዲያ እሁድ ዕለት መጣና «አጎ...» ማለቴ «ጋሼ፣ ባሻን ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ» አለኝ። እኔስ መቼ ጨክኜ አውቃለሁ? ባሻን ሰጠሁት፤ ይህችን ወፍራም የሸራ ሰደርያም ጨመርኩለት። ነገሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የሚጮኹት ውሾች አሳማውን ከበው ያቆሙታል፣ ነክሶ የሚይዘው ውሻ፣ እንደ ባሻ ያለው፣ የሚለቀቀው በመጨረሻ ነው፣ እሱም ይህችን ደረቱ ላይ ለብሶ። የአሳማ ክራንቻ እንደ ምላጭ ነዋ! «ይህችን ሳታለብሰው እንዳትለቀው» አልኩት፣ ሦስት ጊዜ። «እሺ» አለኝ፣ አራት ጊዜ። ትሕትናው!

ረሳ እንዳትይ። አልረሳም። ሰደርያዋን በሚገባ አልብሷታል... ለነጩ።

ነጩ የት ነበር? መኪና ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ለአየር በግማሽ ተከፍቶለት። ጎበዙስ? አጠገቡ ነዋ! በሩን ቆልፎ። ምን ይታወቃል፣ የዘንድሮ አሳማ በር ይከፍት ይሆናል። ባሻ ራቁቱን ገባ። አሳማው ያስቸገረው ባለማሳ ነው ከገደል ሥር ተሸክሞ ያወጣልኝ፤ ጎበዙ ልብሱ ደም እንዳይነካው ተጠንቅቆ ከሩቅ «አይዞህ ባሻ!» ይል ነበር አሉ። የሰው ቃል እንዴት ያበረታል መሰለሽ!

ደግሞ አደራ አይበላም። ሰደርያዬን አጣጥፎ መለሰልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላዋስኩት ሰው የለም፤ ሁሉም በጭቃና በደም ለውሶ፣ ጎኗን አስተርትሮ ነው የሚያመጣልኝ። እሱ ግን... ይኸው ተመልከቺያት። አንዲት ጭረት! አንዲት ጭረት ካገኘሽባት እኔ ውሸታም ልባል።

ዛሬ መንገድ ላይ ደግሞ የባሻን ልጅ ለቅዳሜ አውሰኝ አለኝ። የሁለት ዓመት ውሻ ናት፣ ከአባቷ ትፈጥናለች። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይከለከላል? ብቻ ልጅቷ አስተዳደግ ጎድሏታል፤ መኪና ውስጥ መቀመጥ አታውቅም። አሳማ ሲሸታት ዘላ ወርዳ ታሳፍረዋለች። ስለዚህ እሷ ትቅርና ሰደርያዋን ይውሰዳት። እነሱ ተግባብተዋል። ማሰሪያዋ ሲላላ ለሰውም ትበቃለች።

ጨረስሽ? ሠላሳ አንድ። ይራመዳል አልሽ?... እያነከሰ? ተመስገን! እያነከሰም ቢሆን ባሻ የሚሄደው ወደ አሳማው ነው፣ ወደ መኪናው አይደለም።

አንተ፣ ምን አቀረቀርክ? ስላንተ አይደለም አልኩ እኮ። ና፣ ባሻን በዚህ በኩል ደግፈው። ቀስ... ጃኬትህን ደም እንዳይነካብህ።

ያን ጎበዝ ግን ሳልመርቀው አልወጣም። አሜን በይ፣ ዶክተር። አንተም አሜን በል፣ ምረቃ ለሰማም ይደርሳል። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ጫማው አይቆሽሽ፣ ጸጉሩ አይበተን። ጭንቅ በመጣበት ቀንም ፈጣሪ ብቻውን አይተወው... ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ ከጎኑ ያቁምለት።