የአጀቡሽ ባለ መነጽር ሽጉጥ

(ቋራ ቆላ፣ ረፋድ ላይ፤ ወጣቷ አጀቡሽ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ የሟች አባቷን የባዬን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጠመንጃ ጠጋኙ አያ ዋኘው ፊት አስቀምጣ ትከራከራለች።)

አጀቡሽ፦ በአንድ ጥይት አልኩዎት፣ አያ ዋኘው! በአንድ! ማንደፍሮ በቅሎው ላይ ተኮፍሶ መጣ፣ እኔ ሾላው ሥር ተጋድሜ ጠበቅሁት፣ ድው! እንደ ሰሊጥ ጆንያ ተዘረገፈ። አባቴን የገደለ እጁ አፈር ሲቧጥጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አሁን የቀሩኝ ልጆቹ ናቸው።

ዋኘው፦ እና ከኔ ምን ፈለግሽ? ልፎክርልሽ?

አጀቡሽ፦ ፉከራውን ራሴ እችላለሁ። እርስዎ ይህን መነጽር ሽጉጤ ላይ በብሎን ግጥም ያድርጉልኝ። ትናንት በብስክሌት ጎማ ካላማዳሪ ጠፍሬው ስለነበር እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀብኝ።

ዋኘው፦ ካላማዳሪ! ሽጉጥ ሳይሆን የተነፈሰ ብስክሌት ነው ይዘሽልኝ የመጣሽው። መነጽሩንስ ከየት ዘረፍሽው?

አጀቡሽ፦ ከአጎቴ ልጅ ስናይፐር ላይ ፈታሁት። እሱ እንደሆነ ከሠርግና ከጥምቀት በቀር አይተኩስበት።

ዋኘው፦ የጠመንጃ መነጽር ሽጉጥ ላይ! ወይ ጉድ!

አጀቡሽ፦ ምነው? ሩቁን ያቀርባል፣ እኔ ደግሞ ሩቅ ነበርኩ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ዋኘው፦ ሽጉጥ ላይ የሚሠራ መነጽር አለ፣ አይቻለሁም። እሱ ግን ክንድሽን ዘርግተሽ ከሩቅ የምታይበት ነው። የጠመንጃውን ከዓይንሽ ካላስጠጋሽው ጨለማ ነው የሚያሳይሽ።

አጀቡሽ፦ አስጠጋሁት እኮ! እዚህ፣ ዓይኔ ላይ ለጥፌ።

ዋኘው፦ ለጥፈሽ ተኮስሽ?

አጀቡሽ፦ ለጥፌ ተኮስኩ።

ዋኘው፦ ሻሽሽን አንሺው።

አጀቡሽ፦ ከሻሼ ጋር ምን አለዎት? ብሎንዎን ይፈልጉ!

ዋኘው፦ ደም እየጠጣ ነው ሻሽሽ። አንሺው አልኩሽ!

አጀቡሽ፦ ቅርንጫፍ ነው የቧጠጠኝ። ስሮጥ።

ዋኘው፦ አሳዪኝ እስቲ... እሰይ! እንዲህ ዞሮ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሚቧጥጥ ቅርንጫፍ ከየትኛው ዛፍ ላይ ይበቅላል? አጥንትሽ እኮ ይታያል! ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ቢረግጥ ትከሻ አለው፣ ትከሻ ይቀበለዋል። ሽጉጥ ምን አለው? ያንቺን ግንባር፤ የመነጽሩ ጠርዝ ነው የተረተረሽ። ተኩሰሽ የመጀመሪያውን ሰው ያቆሰልሽው ራስሽን ነው።

አጀቡሽ፦ ይሳቁ! ይሳቁ እንጂ! እኔ ግንባሬ ተተረተረ፣ እሱ ግን ሞቷል።

ዋኘው፦ ከተኮስሽ በኋላ ምን አየሽ? እንዳትዋሺኝ።

አጀቡሽ፦ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነብኝ። ከዚያ ቀይ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በእጄ ጠርጌ ሳይ ማንደፍሮ መሬት ላይ ነው፣ ይጮሃል። ከዚያ ቁልቁል በረርኩ።

ዋኘው፦ የሞተ ሰው ይጮሃል?

አጀቡሽ፦ እየሞተ ነበራ!

ዋኘው፦ እየሞተች የነበረችው በቅሎዋ ናት። አንገቷን ነው በጥሰሽ የጣልሽው። ስትወድቅ ከነኮርቻው እግሩ ላይ ወደቀች፣ የጭኑ አጥንት በሱሪው ወጣ። አሁን አልጋ ላይ ሆኖ እንደ በሬ ያጓራል እንጂ ሞቶልሽስ የለም።

አጀቡሽ፦ ማን ነው ያለ?

ዋኘው፦ ልጁ ጎሹ። ጎህ ሲቀድ እዚሁ፣ አንቺ የቆምሽበት ቆሞ ነበር። ይኸውልሽ ጠመንጃው፣ ጥይቱን የሚመታው ፍላጻ ተሰብሮበት ጠረጴዛዬ ላይ በትኜዋለሁ።

አጀቡሽ፦ የጎሹን ጠመንጃ ይጠግናሉ? የገዳዮቻችንን? እርስዎስ አያፍሩም?

ዋኘው፦ የአባትሽንም ስጠግን ኖሬያለሁ። ብረት ሲመጣልኝ የማን ዘመድ ነህ ብዬ አልጠይቀውም።

አጀቡሽ፦ ጎሹ ሊወስደው ይመለሳል ማለት ነው።

ዋኘው፦ ይመለሳል።

አጀቡሽ፦ እንግዲያው በቶሎ ይሥሩልኝ! ከጓሮዎ ሆኜ ሲገባ ጭንቅላቱን ነው የምለው። ልክ አባቴን አውድማ ላይ እንዳሉት። የአባቴን ጭንቅላት እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ አያ ዋኘው። ከኋላው የቀረ ነገር አልነበረም፣ ሻሽ ጠቅጥቄ ነው የከፈንኩት። ጎሹም እንዲያ ይሁን፣ እናቱም ሻሽ ትፈልግለት!

ዋኘው፦ በኔ ጓሮ አይሆንም።

አጀቡሽ፦ ይሆናል።

ዋኘው፦ ይህንንም መነጽር አላስርልሽም። በብሎን ካሰርኩትማ በሚቀጥለው ዓይንሽን ነው ከነሥሩ የሚያወጣው።

አጀቡሽ፦ ሥራ! ሥራ አልኩህ! አፈሙዙን አታየውም? መጀመሪያ አንተን ነው የምደፋህ፣ አንተ የሁለት ቤት ውሻ!

ዋኘው፦ አንተ አልሽኝ?

አጀቡሽ፦ አዎ አንተ! ብሎኑን አንሣ!

ዋኘው፦ ጥሩ፣ ሳቢው። ሳቢው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጥይቶቹ ገና ስታስቀምጪው ወጥተው ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ናቸው። ጠጋኝ ፊት የጎረሰ መሣሪያ ተቀምጦ አያውቅም። ... ቀጭ። ሰማሽው? ወይኔ ልጄ፣ እውነትም ሳብሽው!

አጀቡሽ፦ ልሞክረው ብዬ ነው እንጂ...

ዋኘው፦ ልትገድዪኝ ሞክረሽ ነው። ቁጭ በይ። ሽጉጡን አስቀምጪው። አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ከመምጣትሽ ጀምሮ አፌ ላይ ይዤው ነው ያለሁት። ደምሌ የት ነው?

አጀቡሽ፦ ወንድሜን ምን አመጣው? ደምሌ እንደሆን አንገቱን ደፍቶ ሰሊጡን ይኮተኩታል። ሽማግሌ ፊት መስቀል መትቶ “ደም አልመልስም” ብሎ የማለ ሰው ነው። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? “የባዬ ቤት ወንድ አልቆበታል፣ ቀሚስ ብቻ ነው የተሰጣበት።” በቀሚሴ አሳየኋቸዋ!

ዋኘው፦ ማን እንዳሳያቸው አያውቁም። ከወንዙ ማዶ ሆኖ የሰማው ሁሉ “የባዬ ስድስት ጎራሽ ናት፣ ድምፅዋን እናውቃለን” ብሏል። ባዬ ስንት ወንድ ልጅ አለው?

አጀቡሽ፦ አንድ።

ዋኘው፦ አንድ። ሾላው ሥር ደግሞ ደም አገኙ። “ደምሌ ራሱን አቁስሏል፣ ሩቅ አይሄድም” እያሉ ነው። ዛሬ ጠዋት ማሳው ላይ ሄደው ጎጆውን አቃጠሉት። የማሳውን ጠባቂ አዛውንት “የት ደበቅኸው” ብለው በሰደፍ አገጩን ሰብረውታል።

አጀቡሽ፦ ጭሱን አይቼዋለሁ። ገለባ የሚያቃጥሉ መስሎኝ... ደምሌስ?

ዋኘው፦ ውስጥ አልነበረም። ወደ ሚስቱ ዘመዶች ተሻግሯል ይላሉ። አሁን ማርያም ቅጥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የማንደፍሮ ወገን በሙሉ እዚያ ነው። “ደምሌ መሐላውን አፍርሷል፣ ደሙን ስጡን” ብለው ጠይቀዋል። ሽማግሌ “አፍርሷል” ካለ እንግዲህ የሚከለክላቸው የለም። የሚስቱ ዘመዶች ቤት ገብተው ከመደቡ ላይ ጎትተው ነው የሚያርዱት።

አጀቡሽ፦ እሱ እኮ ዶሮ እንኳን አርዶ አያውቅም! እኔ ነኝ እኮ!

ዋኘው፦ ታዲያ ሄደሽ ንገሪያቸው።

አጀቡሽ፦ እንዲገድሉኝ?

ዋኘው፦ ሴት ላይ ቃታ የሳበ ወንድ በዚህ አገር ሚስት አያገኝም፣ ለቅሶ ላይ እንኳን ቦታ አይለቁለትም። አይገድሉሽም። ጥፊ ትቀምሻለሽ። የጎሹ እናት ፀጉርሽን ትነጭሻለች። እሱን ቻዪው።

አጀቡሽ፦ ጥፊውን እችለዋለሁ። ግን ማን ያምነኛል? “ወንድሟን ልታድን ነው” ነው የሚሉት።

ዋኘው፦ ግንባርሽን ያምኑታል። ሽጉጡን በዚያው በካላማዳሪሽ መልሼ አስርልሻለሁ፣ ልክ እንደ ትናንቱ። ባዶውን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ሽማግሌዎቹ ፊት ሻሽሽን ገፈሽ መነጽሩን ቁስሉ ላይ ግጠሚው። እንደ ማሰሮና ክዳን ነው የሚገጥመው። እንዲህ ያለ ቁስል ደምሌ ግንባር ላይ የለም፣ ማንም ግንባር ላይ የለም። ከብረቱ በቀር እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ እንደሌለ እኔም መጥቼ እምላለሁ።

አጀቡሽ፦ እርስዎም ይመጣሉ?

ዋኘው፦ በሩቁ። ጎሹ ጠመንጃውን ሆን ብዬ በትኜ ማቆየቴን ሲሰማ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም።

አጀቡሽ፦ በሕዝብ ፊት! ቅጥሩ ሙሉ ሰው! ልጃገረዶቹ ሁሉ ይኖራሉ። “ግንባሯን የተኮሰችው አጀቡሽ” ሊሉኝ ነው። “የበቅሎ ገዳይ” ሊሉኝ ነው! አያ ዋኘው፣ ሌላ መላ የለም? ማንደፍሮን ዛሬ ልጨርሰው። አልጋ ላይ ነው ያሉት፣ አይሮጥ፣ በጩቤም ይሆናል። ከዚያ ያኔ በኩራት “እኔ ነኝ” እላለሁ።

ዋኘው፦ አልጋው ዙሪያ ምን ያህል ጠመንጃ ያለ ይመስልሻል? በሩን ሳታልፊ ይይዙሻል፣ “ደምሌ እህቱን ላከ” ይሉና ነገሩ ያን ጊዜ ያልቃል። አንቺ ጀምረሽው እሱ ሊታረድበት ነው፣ ይገባሻል? አንገቱ ላይ ካራ ሲያርፍ ምን ሊል ነው? “እኔ አይደለሁም” ነው የሚል። የሚሰማው የለም።

አጀቡሽ፦ እንደዚያ አይበሉኝ።

ዋኘው፦ ልብልሽ እንጂ! ያንን ጭንቅላትም አንቺው ነሽ የምታጥቢው።

አጀቡሽ፦ በቃ! በቃ አልኩ! ይሰሩልኝ። ያንን ቆሻሻ ካላማዳሪ ይጠፍሩት። ... ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ይሰበራል፣ የሰው ነው።

ዋኘው፦ አሁን ደግሞ ለአጎትሽ ልጅ አዘንሽለት። ይኸው፣ ያዢ። ነቅነቅ ይላል፣ ልክ እንደ ትናንቱ። ቁስሉን አትጠቢው። ቅባትም አትቀቢበት።

አጀቡሽ፦ ያማል እኮ።

ዋኘው፦ ይመም። በጓሮ በኩል ውጪ፣ በገበያው መሐል እንዳትሄጂ፤ ከመድረስሽ በፊት ጎሹ የተዋሰውን ጠመንጃ ይዞ ወደዚህ ሲመለስ ካገኘሽና ሽጉጡን ካየ ሴትነትሽን ሳያይ ይተኩሳል። ሽጉጡን ከነጠላሽ ሥር አድርጊው። ቅጥሩ በር ላይ ጩኺ፣ “ተኳሹ እኔ ነኝ” በይ፣ ከዚያ ነው የምታወጪው።

አጀቡሽ፦ እሺ። እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር፣ “ሳትኩ” አልልም። ማንደፍሮን መሐል ግንባሩ ላይ አነጣጥሬ ይዤው ነበር፣ በኋላ እግዜርን ፈርቼ፣ አዝኜለት፣ ሆን ብዬ በቅሎዋን መታሁ ነው የምላቸው። ምን አለበት? ቢያንስ ትንሽ ስም ይትረፈኝ።

ዋኘው፦ እንዲያ ያለ ተኳሽ ሴት ናት ብሎ የሚያምን በዚያ ቅጥር ውስጥ አንድ ሰው የለም፤ ደምሌ ነው ይላሉ። ለወንድምሽ የቀረው ያንቺ አለመቻል ብቻ ነው፤ እሱንም በጉራ አታበላሺበት።