የመንግሥታትን ነገር የምትማረው ሙሽራ

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ክረምት አቶ ቀለመወርቅ የልጃቸውን የአምሐን እጮኝነት ለማፍረስ ቆርጠው ከቤታቸው ወጡ። ለጥር የታሰበው ሰርግ እክል ገጥሞታል። እጮኛዪቱ ዘመነች፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚባል ትምህርት በማስትሬት ዲግሪ ለመማር ለሁለት ዓመት ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ኪየቭ ከተማ ልትሄድ መሆኗን ሰምተዋል። «ልጄ እስኪሸብት አይጠብቃትም» እያሉ ወደ አባቷ ወደ አቶ ጥሩነህ ቤት ሲገሰግሱ፣ ኮልፌ አጠና ተራ ላይ ዶፍ ወረደባቸው። ሮጥ ብለው አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቢጠለሉ፣ ዘመነች ራሷ ዝናብ ሸሽታ ቆማለች።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሽማግሌው ነገር በሆዳቸው ማሳደር አይወዱምና ወዲያው ጀመሩ።

«ልጄ፣ አንድ ዲግሪ አለሽ፤ ሥራም ይዘሻል። ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«አባባ፣ እስካሁን የተማርኩት ሌሎች የጻፉትን ማንበብ ነው። አሁን መንግሥታት እንዴት እንደሚዋዋሉ፣ በድንበርና በወንዝ ሲጣሉም በምን እንደሚታረቁ ራሴ መርምሬ ልጽፍ ነው።»

«እርቅማ የአባቶቻችን ሙያ ነው! ዲግሪ የጠየቀ ሽማግሌ አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን እርስዎ ጎረቤት ሲያስታርቁ የሁለቱንም ቋንቋ፣ የጠቡንም ሥር ያውቃሉ። ባለጉዳዩ የሩቅ አገር ሰው ሲሆንስ ምን ይዘው ይቀመጣሉ?»

ሽማግሌው በዚህ ተረቱ። የተረታ ሰው ግን ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም።

«እሺ፣ ወንድ ይማረው! ደግሞስ ኪየቭ? የነዚያን የሶቭየቶችን ጥይት ኮሪያ ላይ ቀምሼዋለሁ» አሉና ግራ ቀኙን ቃኙ። በደርግ ዘመን ንጉሡ ወደ ኮሪያ የላኳቸው ዘማቾች ገድላቸውን ጮክ ብለው አያወሩም ነበር።

ዘመነች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጦርነቱ በምን አለቀ፣ አባባ?»

«በንግግር። ሁለት ዓመት ተነጋገሩ።» ፊታቸው ተለወጠ። «እነሱ ስለ መስመርና ስለ ምርኮኛ ሲከራከሩ እኛ ኮረብታው ላይ ነበርን። ብርሃኔ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ሲስቅ ምሽጉን ሁሉ የሚያስቅ። እርቁ ሊፈረም ጥቂት ሲቀረው ሞተ። ትንሽ ቀደም ብለው ቢስማሙ ኖሮ ዛሬ እንደ እኔ ልጅ ይድር ነበር።»

ልጅቱ ረታሁ ብላ አልቸኮለችም። ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እዚያ ለንግግሩ ከተቀመጡት መካከል ብርሃኔን የሚያውቅ ሰው ነበረ?»

«ማን ይኖራል? የእኛ ድርሻ ኮረብታው ነበር።»

«እኔም የምሄደው ለዚህ ነው። ዛሬም ልጆቻችን በየግንባሩ አሉ። ንግግር ሲመጣ የባላጋራን ቋንቋ የሚሰማ፣ ከውሉ ውስጥ አሳሳች ቃል የሚለይ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ የሚተጋ የእኛ ሰው ይኑር። አምሐ እጠብቅሻለሁ ብሎኛል፤ ለእርስዎ መንገር ፈርቶ ነው።»

«እኔን ፈርቶ?» አሉ ሽማግሌው። ከክርክሩ ሁሉ ይህች ቃል ይበልጥ ወጋቻቸው። የገዛ ልጃቸው ያልነገራቸውን ከሰው አፍ መስማታቸው፣ ጆሯቸውን ምን ያህል ለልጃቸው እንደዘጉ አሳያቸው።

ዝናቡ ሲያባራ አብረው ወደ አቶ ጥሩነህ ቤት ሄዱ። አቶ ጥሩነህ እንግዳው ለምን እንደመጡ ጠርጥረዋልና ገና ሳይቀመጡ፣ «እንዲያው ለጋብቻው ስል ጉዞዋን ልከለክላት ነው» አሏቸው።

«እንዳያደርጉት!» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። «ሰርጉን እንግፋው እንጂ ትምህርቱን አንግፋ። ሰው ሲማር ቤቱ ይጠቀማል፤ ይኸኛው ትምህርት ግን አገር ከአገር ሳይታኮስ እንዲነጋገር ያደርጋል። አስታራቂ ሊቅ ያላት አገር ወንዟን በውል ታስከብራለች፤ ልጇንም በከንቱ አታስገድልም። ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው ዘመነችን አይቷት የማያውቅ ወታደር ነው። እናቱም ለምን በሕይወት እንደተመለሰላት ሳታውቅ ትመርቃለች።»

አቶ ጥሩነህ ተነሥተው አቀፏቸው። ዘመነችም በመስከረም ሄደች።

አቶ ቀለመወርቅ ግን ያን ዕለት ቤታቸው እንደገቡ አምሐን ከአጠገባቸው አስቀመጡና፣ ሠላሳ ዓመት ለማንም ሳይተነፍሱ የኖሩትን የብርሃኔን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥተው ነገሩት።